ትውልድ መቍጠርና አባቶችን ማወቅ

ባላገር እንግዳ ተቀብሎ እግሩን ካስታጠበው በኋላ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው አጭር ይምሰል እንጂ በውስጡ ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች አሉበት። ዘመዴ ነህን? ባላንጣዬ ነህን? ከርስቴስ ትካፈለኛለህን? ማለት ነው። እንግዳውም አባቱንና አያቱን፣ ቅድመ አያቱንና ምንጅላቱን፣ ቢችል እንጅላቱንም ጠርቶ ሲመልስ ማንነቱ ታወቀ ይባላል። ነገር ግን የእነዚህን ሁሉ ስም ያወቀ ሰው ሰዎቹን ዐውቋልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ለመመርመር ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ ምክንያት የሚከተለው ነው። ባለፉት ዓመታት የየቤተ ዘመዱ የትውልድ መጽሐፍ እየታተመ በቤተ ዘመድ ጉባኤ ላይ ሲታደል አያለሁ። ከእነዚህም ስድስቱን አግኝቼ አንብቤአለሁ። ሰባተኛው ገና ያልታተመ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም በአራት ደብተር በእጃቸው ጽፈው፣ «መቅድም ጻፍልኝ፤ ስሕተትም ብታገኝ አርመው» ብለው የሰጡኝ የራሳችን ቤት የትውልድ መጽሐፍ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ መጻሕፍቱን የመረመርኋቸው በታሪክ ሊቅነት ሳይሆን ወረቀት በማገላበጥ በለመድሁት ትዕግሥት ነው። ሒሱ በሰባቱም ላይ ሲሆን የጸሐፊዎቹን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የአንድ ደራሲ ሳይሆን የሁላችን ልማድ ነውና።

ትውልድ ይቈጠር የነበረበት ምክንያት

አስቀድመን ለአባቶቻችን የሚገባቸውን ፍርድ እንስጥ። ትውልድ መቍጠር ለእነርሱ ጨዋታ ወይም መመኪያ ብቻ አልነበረም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፣ በተለይም በጎጃምና በቤጌምድር፣ ገበሬ ርስት የሚያገኘው ከአቅኚው አባት በመወለዱ ነበር። አቅኚ አባት የሚባለው መሬቱን በመጀመሪያ ያቀናው ሰው ነው። ከእርሱ በወንድም ሆነ በሴት ልጅ በኩል የሚወለድ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። የሚጠይቀውም ሰው በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆሞ ከአቅኚው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ሐረጉን ሳይበጥስ መቍጠር አለበት። አንድ ስም ቢጠፋበት፣ ወይም ተከራካሪው «እርሷ እኮ ሳትወልድ ሞታለች» ብሎ ቢረታው፣ እርሻው ቀረበት ማለት ነው። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውም ምሳሌ መሬት ላጣው ተስፋ ሲሆን መሬት ለያዘው ግን እንቅልፍ የሚነሣ ማስፈራሪያ ነበር። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በሸፈተ ጊዜ ካስፈሩት ነገሮች አንዱ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ከእጁ እንዳይወጣ የሚል ነበር።

አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1965 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞታል። ከጻፈው ሁሉ ለእኛ ጉዳይ የሚረባው ቁም ነገር ይህ ነው። አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ብዙ አባቶች ስላሉት በብዙ በኩል ርስት ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉን ለመጠየቅ ጊዜም ገንዘብም ደጋፊም ስለማይበቃው፣ የሚያዋጣውን ሐረግ መርጦ በዚያ በኩል ይሟገታል። ሒሳቡን ብናሰላው የነገሩ ስፋት ይገለጣል። ወላጆቻችን 2፣ አያቶቻችን 4፣ ቅድመ አያቶቻችን 8 ናቸው። እንዲህ እያለ በሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ይሆናሉ፤ ከወላጆች እስከ ሰባተኛው ድረስ ሲደመሩ 254 ናቸው። ከአባት ወደ አባት በአንድ መስመር ብቻ ሰባት ቤት የቈጠረ ሰው ከ254ቱ ሰባቱን ጠርቶ 247ቱን ትቷል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለውን እናስተውል። መሬት ያስገኘው ሐረግ በልጅ ልጅ አፍ ይቈያል፤ መሬት ያላስገኘው ይረሳል። ሙግት የረታ አባት ስሙ ይጠራል፤ ተረትቶ ወደ ሰው አገር የተሰደደው ከነልጆቹ ይጠፋል። እንግዲያውስ ከአባቶቻችን የተረከብነው የዘር ሐረግ በአብዛኛው የሕይወት ታሪካቸው ሳይሆን የሙግት ማስረጃቸው ነው። ይህ በአማራው አገር ብቻ አይደለም፤ በየሕዝቡ ዘንድ ቆጠራው ጉዳዩን ይከተላል። በሶማሌ ወገኖቻችን ዘንድ ልጅ ገና በሕፃንነቱ የአባቶቹን ስም በተራ መጥራት ይማራል። ይህም በአባት በኩል ብቻ የሚሄድ ሲሆን፣ የደም ካሣ በሚከፈልበትና በሚቀበሉበት ጊዜ ሰውዬው የየትኛው ወገን እንደ ሆነ የሚለይበት ነው። ለማስረጃነት የተጠበቀ ነገር ሁሉ ለማስረጃነት የሚያስፈልገውን ብቻ ይይዛል።

የዙፋኑም ነገር እንዲሁ ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት የነገሥታቱን ዘር ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥት ማክዳ ያወርዳል። ይህም ትውልድ በ1923ቱም በ1948ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ ተጽፎ የዘውዱ መሠረት ሆኖ ኖሯል። በ1967 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። ትውልድ መቍጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ዙፋንም መሬትም የማያስገኝ ሆነ። እኔ የተወለድሁት ከዚህ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። የእኔ ዘመን ሰው የአያቱን ስም በመጥራት አንድ ጥማድ መሬት እንኳ አያገኝም። ታዲያ አሁን የምንቈጥረው ለምንድን ነው? ከጥቅም ነጻ ከወጣን፣ በመጀመሪያ ጊዜ ለእውነት ብለን ልንቈጥር እንችል ነበር። መጻሕፍቱን ስመለከት ግን የሙግቱ መንፈስ ገና አልለቀቀንም።

በመጻሕፍቱ ላይ ያለኝ ነቀፋ

ደግነታቸውን ሳልናገር ነቀፋ ብጀምር ግፍ ይሆናል። ጸሐፊዎቹ በእርጅና ዘመናቸው ካገር አገር ተጉዘው፣ በገዛ ገንዘባቸው ወረቀት ገዝተው፣ ከሽማግሌ አፍ ስም ለቅመዋል። ብዙዎቹ ነጋሪዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህ ሥራ ባይሠራ ኖሮ የምንነቅፈውም ነገር አይኖረንም ነበር።

የመጀመሪያው ነቀፋዬ መጻሕፍቱ አንድ ግሥ ብቻ ያላቸው መሆኑ ነው፤ እርሱም «ወለደ» የሚለው ነው። እገሌ እገሌን ወለደ፤ እገሌም እገሌን ወለደ። ሰዎቹ ያረሱት፣ የተሰደዱት፣ የታመሙት፣ የታረቁት፣ ያፈሩበትና ያለቀሱበት ነገር የለም። ከመወለድና ከመውለድ በቀር ሌላ ሥራ ያልነበራቸው ይመስላል።

ሁለተኛው ምስጋናው ነው። ከ«ወለደ» አልፎ ስለ አንድ ሰው ጥቂት ሲጻፍ፣ ሰውዬው ሁልጊዜ ጀግና፣ ለጋስ፣ እንግዳ ተቀባይና ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት ነው። ከስድስቱ መጻሕፍት የአንዱን ቤት አያት አውጥተን በሌላው ቤት ብናስገባቸው ከስማቸው በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። ለሁሉ የሚሆን ምስጋና ደግሞ ለማንም የተሰጠ አይደለም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ድርሰት ውስጥ፣ ታሪክ ጸሐፊ የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ በተደረገው ላይ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮና የጠራ የቋንቋ ችሎታ እንደሚያስፈልገው አመልክተው ነበር። ይህ ከተጻፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። በቤተ ዘመድ መጽሐፍ ግን ሁለተኛው፣ ሳያዳሉ መፍረድ የሚባለው፣ ገና ከበር ውጭ ቆሟል።

ሦስተኛው የሴቶቹ ነገር ነው። በአጎቴ ደብተር ውስጥ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ቈጥሬ 214 አገኘሁ፤ የሴት ስም 19 ብቻ ነው። ይህ ከድሮውም የባሰ ነው። በርስት ሙግት ዘመን ሴት ልጅም ታወርስ ስለ ነበረ፣ ባለጉዳዩ አያቱን ብቻ ሳይሆን ሴት አያቱንና የእርሷን እናት ጭምር በስማቸው ይጠራ ነበር። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት በየኅዳጋቸው የተጻፈባቸው የመሬት ሽያጭና ስጦታ አለ። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ እነዚህን መዝግቦ እንዳሳየው፣ ሴቶች በገዛ ስማቸው መሬት ሲይዙ፣ ሲሸጡና ሲከራከሩ ይገኛሉ። እንግዲህ ጥቅም ፈላጊው ተሟጋች ያልረሳቸውን እናቶች፣ ጥቅም የማይሻው የዛሬ ጸሐፊ ረሳቸው ማለት ነው።

አራተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። ከመጻሕፍቱ በሦስቱ ውስጥ የአንዱ ታላቅ ሰው ብልጽግና ሲመሰገን «ብዙ አሽከርና ገረድ ነበራቸው» ተብሎ ተጽፏል፤ በአንዱም «ባሪያ» የሚለው ቃል ሳይሸፋፈን ተቀምጧል። በአገራችን ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ ተከለከለ። ይህ ሩቅ ዘመን አይደለም። በገጹ ላይ እንደ ከብት በቍጥር ያለፉት ሰዎች እነርሱም የአንድ ሰው አያቶች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በመካከላችን ይኖራሉ፤ ምናልባትም ያንኑ መጽሐፍ ያነቡት ይሆናል።

የማቴዎስ ወንጌል አብነት

አገራችን ከሁሉ አስቀድማ ያነበበችው የትውልድ መጽሐፍ በማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ ያለው ነው። በዚያም ግሡ «ወለደ» ነው፤ ሐረጉም የወንድ ሐረግ ነው። ይሁን እንጂ ወንጌላዊው በመካከሉ አራት ሴቶችን አስገብቷል። ትዕማር ጋለሞታ መስላ በመንገድ ዳር የተቀመጠችው ናት። ራኬብ የኢያሪኮ ጋለሞታ ነበረች። ሩት ከሞዓብ የመጣች ባዕድ ናት። አራተኛይቱ ደግሞ የኦርዮ ሚስት ተብላ በስመ ባሏ የተጠራችው ናት፤ ስሙ በተጠራ ቍጥር የንጉሥ ዳዊት በደል ይታወሳል። ይህን የጻፈ ሰው ነውር የሌለበትን ሐረግ ሊያሳይ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ አራቱን መዝለል ቀላል ነበር። መዝለልን አያውቅም እንዳንል ደግሞ ቍጥሩን በዐሥራ አራት በዐሥራ አራት ሲከፍል አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን ሳይጠራ አልፏል። ሦስት ነገሥታትን ዘለለ፤ አራቱን ሴቶች ግን አልዘለለም። ለቤተ ዘመድ መጽሐፍ ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ መምህር ያለ አይመስለኝም።

የምንጅላቴ ነገር

እዚህ ላይ የራሴን ቤት ካላነሣሁ ሌላውን መንቀፌ ግብዝነት ይሆናል። በአጎቴ ሁለተኛ ደብተር ውስጥ የቅድመ አያቴ እናት ማለት ምንጅላቴ፣ «የታላቅ ባላባት ልጅ» ተብለው ተጽፈዋል፤ ስማቸው አልተጠራም።

እኔ ልጅ ሳለሁ አያቴ በግቢያቸው ዶሮ ውኃ የሚጠጣበት የትልቅ ጋን ገል ነበራቸው። ጥቁርና ወፍራም ነበር፤ በአንገቱ ዙሪያ የአውራ ጣት ምልክት በተርታ ይታይበታል። ግቢ ሲጠረግ ማንም እንዲጥለው አይፈቅዱም ነበር። ምክንያቱን በጠየቅኋቸው ጊዜ፣ «የዚህ ቤት እናት ጣት ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ከአማታቸው የሰሙትን ነገሩኝ። ምንጅላቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ከባለእጅ ቤት ወጥተው ገበሬ አገቡ፤ በዚህም ምክንያት የባላቸው ወንድሞች ቤታቸው እህል ሳይቀምሱ ሞቱ። ከዚያም ክፉ ቀን መጣ።

ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረኃብ ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገሩን አዳረሰው። በሬ ስላለቀ የሚያርስ ጠፋ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ አርአያ እስከ መሆን ደረሱ። የገበሬ ሙያ በሬ ሲሞት አብሮ ይሞታል። የሸክላ ሠሪ ሙያ ግን በእጅ ላይ ያለ ነው፤ ከጭቃ፣ ከውኃና ከእሳት በቀር ሌላ አይሻም። አያቴ እንደ ነገሩኝ፣ ምንጅላቴ ማሰሮና ምጣድ ተሸክመው ወደ ቆላ እየወረዱ በእፍኝ እህል እየለወጡ ልጆቻቸውን አተረፉ። እህል ሳይቀምሱላቸው የኖሩት የባላቸው ወንድሞችም ልጆች ከዚያው እፍኝ በልተዋል።

እኔ ይህን ሳልመረምር አልተቀበልሁም። አያቴ ካረፉ በኋላ ካገር ቤት ሁለት አሮጊቶችን ለየብቻ ጠየቅሁ። አንዷ ያንኑ ነገሩኝ፤ ሁለተኛዋ ግን ተቈጥተው «የእናንተ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለበትም» አሉኝ። በመጨረሻ አጎቴን ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ስለ ጋኑ ያውቃሉ?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ዐውቃለሁ» አሉ። «እኔም በዚያ ገል ላይ ተሰናክዬ ግንባሬን ተፈንክቻለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ አንተ ከተማ ተቀምጠህ ትጽፋለህ፤ የአክስትህ የልጅ ልጆች እዚያ ትዳር ይፈልጋሉ። ቡዳ ቢሏቸው መቅድምህ ያድናቸዋልን?»

ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸማኔውን በሥራው ከመስደብ አልፎ ዐይኑ ሰው ይበላል ብሎ መሸሽ በአገራችን ብዙ ሰው አስለቅሷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ቢነገርም፣ እንጀራውን በምጣዷ ጋግሮ እየበላ ምጣድ ሠሪዋን የሚጸየፍ ሰው አልጠፋም። አጎቴ የፈሩት ለራሳቸው ሳይሆን ለልጆቹ ነው። ስለዚህ እውነቱ ሁሉ ዛሬውኑ ይታተም ብዬ ልፈርድባቸው አልደፈርሁም።

ነገር ግን ዝም ማለትና ሐሰት መጻፍ አንድ አይደሉም። የምንጅላቴን ሥራ ሳይጠቅሱ ማለፍ ይቻላል፤ የባላባት ልጅ ናቸው ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም። ያልተጻፈውን ነገር በኋላ የሚነሣ ልጅ ይፈልገዋል፤ በሐሰት የተጻፈውን ግን አይፈልገውም፤ አገኘሁት ብሎ ያርፋልና። ባዶ ቦታ ጥያቄ ያስነሣል፤ የሐሰት ባላባት ጥያቄን ይዘጋል። ከሰባቱ መጻሕፍት ስንቱ «የታላቅ ባላባት ልጅ» በእንዲህ ያለ ገል ላይ የተጋረደ መጋረጃ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይወቅ።

እንግዲህ እንዴት እንጻፍ

«ስማቸው እንኳ ያልተጻፈ ሰዎችን ሕይወት እንዴት እናውቃለን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኛ ስም የአባት ስም ብቻ ተከትሎት በየትውልዱ ስለሚለወጥ፣ እንደ አውሮፓ ሰው በቤተ ዘመድ ስም መዝገብ አገላብጦ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው፣ ልደትና ሞትም በመዝገብ እንዲጻፍ ደንግጎ ነበር፤ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ልደት፣ ጋብቻና ሞት በአገር ሁሉ መመዝገብ የተጀመረው በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለኖሩት ሌላ መንገድ መፈለግ አለብን። መንገዱም አለ።

አንደኛው ራሱ ስሙ ነው። በአገራችን ስም ሲወጣ የቤቱ ታሪክ አብሮ ይጻፋል። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ በፊት የሞተ ልጅ ወይም ሌላ የሞተ ዘመድ እንደ ነበረ ይናገራሉ። የቅድመ አያቴ ስም ከእነዚህ ዓይነቶች አንዱ ነው። ደብተሩ «ወለዱ» ብሎ ያለፈው መስመር፣ ስሙን አስተውሎ ላነበበው አንዲት እናት አስቀድማ የቀበረችውን ልጅ ያሳያል። የጦር ሰው ከሆነ ደግሞ የፈረሱ ስም አለ። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እንደ ተባሉ ሁሉ፣ የፈረስ ስም ሰውዬው እንዴት ሊታይ ይወድ እንደ ነበረ ያስረዳል። ከዚህ ጋር ፈላጊው አንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ወልደ፣ ገብረ ወይም ወለተ የሚለው የክርስትና ስም ስለ ሆነ፣ የዓለሙን ስም ብቻ የያዘ ሰው አያቱን ፊት ለፊት አይቶ ሳያውቃቸው ያልፋል።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት አይነግሩንም ብለን እናማርራለን፤ ነገር ግን ከዚያ ያላነሰ ይነግሩናል። የአድዋ ድል የተገኘበት 1888 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ የኅዳር በሽታ የገባበት 1911 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር። ወንጌላዊው በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ፣ አንዲት አሮጊት «የተወለድሁት ከኅዳር በሽታ በኋላ በመጀመሪያው ዘመነ ማርቆስ ነው» ቢሉ፣ 1914 ዓ.ም. መሆኑን በጣት ቈጥሮ ማግኘት ይቻላል። ዓመቱ ከተገኘ በዚያ ዓመት በአገሩ ምን እንደ ሆነ ከታሪክ መጽሐፍ ይፈለጋል። የምንጅላቴን ረኃብ ያገናዘብሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ጽሑፉ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ወደ 9,000 የሚጠጉ ተቀድተዋል፤ በየኅዳጋቸውም የመሬት ውል፣ የኑዛዜና የስጦታ ጽሑፍ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎባቸው ይገኛል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ የብዙ ሹማምንትንና ሊቃውንትን ኑሮ ባጭር ባጭሩ ይዟል። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት ዝክረ ነገር ደግሞ የመሬቱን ሥሪት፣ የግብሩንና የሹመቱን ሥርዓት ይዘረዝራል፤ አያቱ ጭሰኛ ወይም ገባር የነበሩበት ሰው ምን ሲከፍሉና ምን ሲሸከሙ እንደ ኖሩ ከዚያ ሊረዳ ይችላል። እነዚህ መጻሕፍት ስለ ትልልቆቹ ሰዎች ይናገራሉ ተብለው ይተዋሉ፤ የታናሹ ኑሮ ግን በትልቁ ደንብ ውስጥ ይገኛል።

አራተኛውና ቶሎ የሚያልፈው የሰው አፍ ነው። ስንጠይቅ የምንጠይቀው «ማን ማንን ወለደ?» እያልን ስለ ሆነ፣ የሚመለስልን ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችንን እንለውጥ። ልጅ ሳሉ ቁርስዎ ምን ነበር? ልብስዎን ማን ፈተለው? ቤቱ ስንት ምሰሶ ነበረው፤ ከብቱስ የት ያድር ነበር? ውኃው ስንት ርቀት ነበር፤ ማን ይቀዳ ነበር? ከቤታችሁ ማን ነበር ስሙ የማይጠራው? በተለይ ይህችን የመጨረሻይቱን ጥያቄ ሰው በሌለበት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሳይቸኩሉ መጠየቅ ይገባል። የተነገረንንም ከነጋሪው ማንነትና ከየት እንደ ሰማው ጋር እንጻፍ። ሁለት ሰው የተለያየ ቢናገር ሁለቱንም እንጻፍ። እኔም ያሉኝንም የካዱኝንም አሮጊት በማስታወሻዬ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ።

የአጎቴ አራት ደብተር አሁንም በጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስሕተት ያልሁትን በእርሳስ አርሜአለሁ፤ የጐደሉትን እናቶች ስም የቻልሁትን ያህል ፈልጌ ዐሥራ ሦስት ጨምሬአለሁ። «የታላቅ ባላባት ልጅ» የሚለውን ግን በገዛ እጄ አልሰረዝሁትም፤ ደብተሩ የእርሳቸው ነውና። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት አንብቤላቸዋለሁ። ሲጨርሱ «የጋኑን ነገር ደኅና አድርገህ ጽፈኸዋል» አሉኝ፤ ስለ ደብተሩ ግን ምንም አላሉም። መቅድሙን የምጽፈው ያቺ መስመር ስትነሣ ነው፤ በቦታዋ እውነቱ ባይገባ እንኳ ባዶ ትቅር።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ አያቶቻችን ርስታቸውን ለማስመለስ ስም ቈጠሩ፤ አያስነቅፋቸውም። እኛ ግን የምናስመልሰው መሬት የለም፤ የምናስመልሰው ሰዎቹን ራሳቸውን ነው። በመጪው በዓል ወደ ቤተ ዘመድ ስትሄዱ ደብተርና እርሳስ መያዝ አትርሱ። ከጀግናው አያት በፊት ስለ ሸክላ ሠሪዋ ጠይቁ።